ማንጎው ሥር የተላከው ዓለም አቀፍ ውል

በአሶሳ ኢንተርኔት አከፋፋይ ነኝ፤ የማከፋፍለው ሲገኝ ማለቴ ነው። በቀደም የአዲሱ ቴሌኮም ወኪል ከረባቱን አጥብቆ ቢሮዬ ገባና «ዓለም አቀፍ መስመር በጅምላ እንሸጥልዎታለን፤ ከእንግዲህ የነባሩን ድርጅት ደጅ አይጠኑም» አለኝ። በክብር ቆሜ ፈረምኩ። ውሉ እስከ አሥር ሰዓት ዋናው መሥሪያ ቤት ካልደረሰ ግን ዕድሉ ለሌላ አከፋፋይ ያልፋል። ወኪሉ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ሊልክ ሲል ኔትወርክ የለም።

ከገበያው ጀርባ ወዳለው ማንጎ ዛፍ ወሰድኩት። የነባሩ ድርጅት ኔትወርክ ከተማው ውስጥ ሲጠፋ እዚያ ሥር፣ አንድ ሰው በሚቆምበት ቦታ ብቻ ስለሚይዝ ወረፋ አለ። ከፊታችን አንድ ሼህ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ቆመዋል።

«አባቴ፣ ያስቀድሙኝ፤ የእኔ ዓለም አቀፍ ጉዳይ ነው» አላቸው ወኪሉ።

«ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ዓለም ሰፊ ነው፣ ይጠብቃል። የእኔ እዚሁ ቅርብ፣ ባምባሲ ነው፣ ቶሎ ያልቃል» አሉና የፍየሎቻቸውን ጤና አንድ በአንድ ጠየቁ።

ተራችን የደረሰው ለአሥር ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ወኪሉ ግን ከመላኩ በፊት እስክሪብቶ አወጣ። ውሉ ላይ «መስመሩ የሚገባበት ቦታ» በሚለው ፊት «ቢሮ» ብዬ የሞላሁትን ሰርዞ «ማንጎው ሥር» ብሎ ጻፈና እንደገና ፎቶ አንስቶ ላከው።