ለሊቀ መንበሩ የተሰፋ ካባ

ደብረ ሲና፣ ገበያው ዳር ካለች የልብስ ስፌት ቤት፤ ነገ የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ ሊቀ መንበሩ አቶ ዘውገ ያሠፉትን ኮት ሊወስዱ ቢገቡ፣ ከአበልጃቸው ከልብስ ሰፊው ከአቶ ላቀው ጠረጴዛ ላይ ዳር ዳሩ በወርቀ ዘቦ ያጌጠ ጥቁር ካባ ተዘርግቶ ጠበቃቸው።

ዘውገ፦ ትከሻዬን የለካኸው ለኮት ነው ብለኸኝ አልነበር?

ላቀው፦ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በል፤ ዳገቱን ወጥተህ ትንፋሽህ አልተመለሰም።

ዘውገ፦ ትንፋሼን ተወውና የጠየቅሁህን መልስ! ይኼ ወርቀ ዘቦ የማን ነው?

ላቀው፦ ያንተው ነው። አባላቱ ናቸው ያሠፉልህ። ነገ በጉባኤው መጨረሻ አልብሰው ሊሸኙህ።

ዘውገ፦ ሊሸኙኝ? ወዴት ልሄድ ነው?

ላቀው፦ ወደ ቤትህ ነዋ። ስድስት ዓመት ሞላህ እኮ። ሁለት የምርጫ ዘመን፣ ከዚያ በላይ የለም።

ዘውገ፦ ደንቡን ነገ እናሻሽል አላልንም? «ሁለት» የሚለው «ሦስት» ይባል ብለህ ሐሳቡን የምታነሣው አንተ አልነበርክም? እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠህ እሺ አላልከኝም?

ላቀው፦ ብያለሁ።

ዘውገ፦ እሺ እያልክ ካባ ትሰፋለህ! ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ሌላው ቢያደርገው ሰው ነው ብዬ አልፈው ነበር። አንተ፣ ልጄን ክርስትና ያነሣኸው!

ላቀው፦ ክርስትና ያነሣሁት ልጁን ነው እንጂ ሊቀ መንበርነቱን አይደለም።

ዘውገ፦ ቀልድ አታምጣብኝ!

ላቀው፦ አልቀለድኩም። ለመሆኑ «ማንም ከሁለት ዘመን በላይ አይመረጥ» የሚለውን ማን ነው ያስጻፈው?

ዘውገ፦ እኔ ነኝ። የእድራችን ዳኛ ከወንበሩ አልነሣ ብሎ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስላስቸገረን ነዋ!

ላቀው፦ ሰውየው ምን ይል ነበር?

ዘውገ፦ እሱን አሁን ምን አመጣው?

ላቀው፦ «እኔ ከለቀቅሁ እድሩ ይፈርሳል» ይል ነበር። አንተም ከኋላ ተቀምጠህ ድምፁን እያስመሰልክ ታስቀን ነበር።

ዘውገ፦ እሱና እኔ አንድ ነን? እሱ የእድሩን ድንኳን ለዘመዶቹ ሠርግ ይተክል ነበር። እኔ ከማኅበሩ አንዲት ስክርቢቶ ወስጄ አውቃለሁ?

ላቀው፦ አታውቅም። ይህን ጠላትህም አይልህ።

ዘውገ፦ ታዲያ? ሠላሳ ሰው ሆነን ስንጀምር ቢሮ የለን፣ ሳጥን የለን። በዝናብ በጭቃ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሰው ያስቆጠብኩ እኔ ነኝ። እና አሁን ማን ሊይዘው ነው?

ላቀው፦ የሺመቤት ትጠቆማለች።

ዘውገ፦ ጸሐፊዋ? ቃለ ጉባኤ መያዝ ያስተማርኳት?

ላቀው፦ ጥሩ አድርገህ አስተምረሃታል።

ዘውገ፦ በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት! ይህን ሁሉ ማን ያውቃል?

ላቀው፦ ከአንተ በቀር ሁሉም።

ዘውገ፦ ጠዋት መንገድ ላይ ሰላም ያሉኝም?

ላቀው፦ እነሱም።

ዘውገ፦ ላቀው፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያለኝ ይቺው ናት። ሰኞ ጠዋት ልብሴን ለብሼ ወዴት ልውጣ?

ላቀው፦ እዚህ ና። እያወጋን ቁልፍ ትተክልልኛለህ።

ዘውገ፦ ትላንት ሊቀ መንበር፣ ዛሬ ቁልፍ ተካይ! አይሆንም። ሐሳቡን ነገ ራሴ አቀርባለሁ። እጅ አውጡ እላለሁ። አባላቱ ይወዱኛል። ባለፈው ምርጫ አንድ እጅ እንኳ አልቀረም፤ አዳራሹ ጫካ ነበር የመሰለው።

ላቀው፦ ትዝ ይለኛል።

ዘውገ፦ የመጀመሪያው እጅ ያንተ ነበር። ገና ስሜ ተጠርቶ ሳያልቅ!

ላቀው፦ አበልጄ፣ ይቺን አታናግረኝ። በክብር ሂድልኝ።

ዘውገ፦ ተናገር! ከዚህ ሌላ ደግሞ ምን ደበቅከኝ?

ላቀው፦ የዚያን ሳምንት የስንት ሰው የብድር ማመልከቻ ጠረጴዛህ ላይ ነበር?

ዘውገ፦ እኔ እንጃ። ሰኔ ነው፤ ለዘር የሚለው፣ ለጣራ የሚለው... ብዙ ነበር። ምን አገናኘው?

ላቀው፦ አንተ ከፊት ቆመህ እጅ ትቆጥራለህ። ሰዉ አንተን አንተን እያየ ያወጣል። ማን ደፍሮ ያስቀር?

ዘውገ፦ እጁን አላወጣም ብዬ የከለከልኩት ሰው አለ? አንድ ሰው ጥራ!

ላቀው፦ የለም። እንደማትከለክላቸው ግን በምን ይወቁ?

ዘውገ፦ እነሱ አያውቁኝ ይሆናል። አንተ ታውቀኛለህ።

ላቀው፦ ይቺ ማሽን የተገዛችው በዚያው ሳምንት በጸደቀው ብድር ነው።

ዘውገ፦ እንዴ... ያንተስ እጅ የልብህ ነበር። የልቤ ነበር በለኝ፣ ላቀው።

ላቀው፦ ነገ እጅ ካስቆጠርክ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ዓይን ዓይንህን ሳይህ ታገኘኛለህ። የልቤ እሱ ነው።