በጽሕፈት ቀለም የነከርኩት ጋዋን

በእኛ ጊዜ፣ ራሄልዬ፣ አስተማሪ የሆነች ሴት መጀመሪያ የምትጨነቀው ስለ ማስተማሩ እንዳይመስልሽ፣ ስለ ልብሱ ነው። አንቺ ሰኞ ሥራ ልጀምር ነው ብለሽ ሁለት ቀሚስ አልጋ ላይ ዘርግተሽ የቱ ይሻላል ትይኛለሽ። እኔ ምኑን ልምረጥ? የነበረኝ አንድ የሱፍ ጉርድና አንድ ሸሚዝ፣ በቃ፣ እነሱም ከመምህራን ማሰልጠኛ ስወጣ የተሰፉልኝ። ታዲያ አሰላ መደቡኝ፣ እና መስከረም ገባ ይባላል እንጂ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ዝናብና ብርድ መች ያቆማል። ጠመኔው ጉርዴ ላይ ይቦናል፣ ልጆቹ ያኔ ብዕር እየነከሩ ነው የሚጽፉት፣ ቀለሙ ይፈናጠቃል፣ ጭቃው ደግሞ እስከ ጉልበት። ማታ አጥቤ ባሰጣው ጠዋት እንደረጠበ አገኘዋለሁ። እርጥብ ጉርድ ለብሰሽ ቆመሽ አስተምረሽ ታውቂያለሽ? አታውቂም።

ሌላ ልግዛ እንዳልል ደሞዜ እኔ ጋ አያድርም፣ እናቴና ወንድሞቼ ይጠብቁታል። ታዲያ ማሰልጠኛ እያለሁ የሳይንስ አስተማሪያችን ከላይ የሚደርቡት ነጭ ጋዋን ትዝ አለኝ። እሱን ባሰፋ የውስጡ ልብሴ ይተርፍልኛል ብዬ ገበያ ወረድኩና አቡጀዲ ገዛሁ፣ ከአቡጀዲ የረከሰ ጨርቅ የለማ። ሸኽ አማን ጋ ወሰድኩት፣ በረንዳ ላይ በመኪና የሚሰፉ ሽማግሌ ናቸው። "ነጭ?" አሉኝ። "በዚህ ጭቃ?"

"ይታጠባል" አልኩ። "እጅጌው ይርዘም፣ ኪሱም ሰፊ ይሁን፣ ጠመኔ እከትበታለሁ።"

"ኤዬ፣ አንቺ ካልሽ" አሉና ሰፉልኝ፣ እና ሲያልቅ እዚያው በረንዳ ላይ ለብሼው ዞር ዞር አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ልዋሽሽ።

ሰኞ ጠዋት ያን ለብሼ ክፍል ገባሁ። "እንደምን አደራችሁ" ከማለቴ አንዷ ጮኸች፣ ሌላዋ ተከተለች፣ ከዚያማ በመስኮት ነው በበር ነው፣ ወንበር ተገለበጠ፣ ቀለም ፈሰሰ፣ እና እኔ ጠመኔዬን ይዤ ባዶ ክፍል ውስጥ ቀረሁ። እባብ ገባ እንዴ ብዬ ዞሬ አየሁ፣ ምንም የለም። ወንዶቹ እየተሳሳቁ ተመለሱ፣ ከገጠር የሚመጡት ሴቶች ግን በዚያው ቀሩ። ስንት ደጅ ጠንቼ፣ ስንት አባት ለምኜ ያመጣኋቸው ልጆች ናቸው። በማግስቱም የሉም። ዲሬክተሩ አቶ ተሰማ አስጠሩኝ፣ እሳቸው ሲናገሩ ከረባታቸውን ይነካካሉ፣ እንዲህ፣ እዪኝ፣ "ወይዘሪት ዘነበች፣ ልጆቹ እስከ ዓርብ ካልተመለሱ ይሰረዛሉ፣ ደንቡ ነው።"

"ምን አድርጌያቸው ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? አስተማሪ እንደ አስተማሪ ይልበስ።"

"እንደ አስተማሪ ማለት እንዴት ነው?"

"እንደ እኔ" አሉኝ። ከረባት ልሰር እንግዲህ።

ነገሩ ግን ከነከነኝ። እኔ ደግሞ ምክንያቱን ካላወቅሁ እህል ከጉሮሮዬ አይወርድም። ታዲያ ሐሙስ የገበያ ቀን ነው፣ ጋዋኑን ቤት ጥዬ፣ ነጠላ ለብሼ፣ ሐሊማ የምትባለዋን ጎበዝ ተማሪዬን እናት ፍለጋ ወጣሁ። አዴ መርየማን ቅቤ ሲሸጡ አገኘኋቸው፣ ሐሊማም አብራ አለች፣ ግን ስታየኝ ከእናቷ ኋላ ተወሸቀች። "አዴ፣ ልጅቱ ምን ሆነችብኝ?" አልኳቸው።

"አንቺ መውጋት ጀመርሽ አሉ።"

"ማንን ነው የምወጋው?"

"ነጭ ለብሰሽ መጣሽ አሉ። አምና የፈንጣጣ መርፌ የሚወጉት ሰዎች ነጭ ለብሰው መጥተው የለ? ክንዷ እንዴት አብጦ ነበር መሰለሽ። እኔማ ለጤናሽ ነው ብያታለሁ፣ እሷ ግን አልሄድም አለች።"

ለካ እኔን አይደለም የሸሹት፣ ልብሱን ነው። ቁጢጥ አልኩና "ሐሊማዬ፣ እኔ እኮ መርፌ የለኝም" አልኳት።

"ሰውየውም የለኝም ብሎ ነበር" አለችኝ። "ከኋላው ነው የደበቀው።"

እውነቷን ነው። "እሺ፣ ነጩን ብተወው ምን ብለብስ አትፈሪም?" አልኳት። አሰበች፣ አሰበች፣ እና "እንደምንጽፍበት ቀለም፣ ሰማያዊ" አለች። "በይ ነገ ሰማያዊ ለብሼ በር ላይ እቆማለሁ፣ ጓደኞችሽን ይዘሽ ከሩቅ እዪኝ፣ ካልወደድሽው ተመለሺ" አልኳት።

አሁን ሰማያዊ ጨርቅ ከየት አመጣለሁ? ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ያንን የጽሕፈት ቀለም ዱቄት ለምኜ በባልዲ በጠበጥኩና ጋዋኑን ነከርኩት። ሰማያዊ ሆነ እንዳልልሽ ዥጉርጉር ነው የሆነው። ጠዋት በር ላይ ስቆም ደግሞ ዝናቡ መጣ፣ እና ቀለሙ ይወርድ ጀመር፣ እጄ ሰማያዊ፣ እግሬ ሰማያዊ። አቶ ተሰማ ከረባታቸውን ይዘው "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ። የእኔ ዓይን መንገዱ ላይ ነው፣ ዛሬ ካልመጡ ቀሩ ማለት ነው።

ታዲያ መጡ። ተቃቅፈው ከሩቅ ቆሙ፣ ሐሊማ ብቻ ቀረብ አለች። እጅጌዬን በጣቷ አሸት አደረገች፣ ጣቷ ሰማያዊ ሆነ፣ አየችው። እጇን ኪሴ ውስጥ እስከ ክርኗ ሰደደችና ጠመኔ አወጣች። በዚህ አልበቃትም፣ ዞራ ከኋላዬ አየች። እኔ እጆቼን ዘርግቼ ቆሜያለሁ፣ እንባዬ መጥቷል። ከዚያ ጓደኞቿን ጠራቻቸው፣ እና እያንዳንዷ በኋላዬ እየዞረች አይታ ክፍል ገባች። አቶ ተሰማ "ደንቡ..." አሉና ተዉት።

ጋዋኑንማ እስኪያልቅ ለበስኩት። ቀለም ቢፈናጠቅበት ማን ያየዋል? እነሱም ፍርሃቱ ከለቀቃቸው በኋላ እንኳን ለጨዋታ ጠዋት ጠዋት ከኋላዬ ዞረው ሳያዩ አይገቡም ነበር።

"ታዲያ እትዬ፣ እኔ የቱን ልልበስ?" አለች ራሄል።

ኪስ ያለውን፣ አልኳት።

"ሁለቱም ኪስ የላቸውም እኮ።"

እንግዲያው ኪስ አሰፊበት። ልጅ ፈርቶ ሲመጣ እጁን የሚሰድበት ካጣ ያ ምን የአስተማሪ ልብስ ነው?

ራሄል ቀሚሶቿን አነሳችና በወንበሬ ኋላ ዞረች። አንቺ ደግሞ ምን ትፈልጊያለሽ እዚያ? አልኳት።

"ምንም" አለች። "መርፌ እንዳይኖር ብዬ ነው።" (ሳቅ)