ስሙ ገና አልተጠራም ነበር

ይግቡ፣ ጋሽ ሣህሉ፣ ይግቡ። እዚህ ይቀመጡ፤ የባሕሩ ነፋስ የሚገባው በዚህ መስኮት ነው። ነፋስ እንኳ አይባልም፣ ምድጃ ፊት እንደ መቆም ነው... ግን ከምንም ይሻላል። ውሃ ይጠጡ። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ያቀዘቀዝነው ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ትምህርት ቤቱም ተዘጋ፣ አረፍኩ። እቴናትም ደህና ናት፤ ጓዳ ምስር ትለቅማለች።

ዘንድሮ ተማሪዎቼ እንዴት እንዳሳቁኝ ነግሬዎታለሁ? እንደሚያውቁት፣ መስከረም ላይ ትምህርት በተጀመረ ቀን፣ ስም ጠርቼ እንደ ጨረስኩ አንድ የቤት ሥራ እሰጣለሁ። «ስምህን ማን አወጣልህ? ለምን አወጣልህ? ምን ማለት ነው? አባትህን ጠይቀህ ና።» ሌላው አስተማሪ በመደመር ይጀምራል፣ እኔ በዚህ። ወልዴ የሚባለው ልጅ ምን ይዞ መጣ መሰለዎት? «በግዕዝ ልጄ ማለት ነው። እናቴ ግን አባትህ ሌላ ማሰብ ሰልችቶት ነው አለችኝ።» አሊማ ደግሞ «በዓረብኛ አዋቂ ማለት ነው» አለች፤ በሒሳብ ከክፍሉ መጨረሻ የወጣችው እሷ ናት። በቀለ «የተወለድኩ ቀን ዝናብ ዘነበ» አለ። አሰብ ላይ! ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት።

የባለሱቁ የሳኒ ልጅ ዓሊዪ የያዘው የሞተ አጎቱን ስም ነው። ሳኒ ስሙን ከማውጣቱ በፊት ወደ ሟቹ ሚስት ሄዶ «ትፈቅጂልኛለሽ ወይ?» አላት አሉ። አልቅሳ መረቀችው። እንግዲህ ሳኒ ያልተማረ ሰው ነው፤ የሚፈርመው እንኳ በአውራ ጣቱ ነው። ያልተማረ ሰው መጠየቅ ያበዛል። የተማረ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል? ያውቀዋላ!

የተማረ ስል... እኔን እግዜር የሰጠኝን ጎረቤት አያዩም? መካከላችን ያለው ግድግዳ ጣውላ ነው። ስለዚህ ዕውቀቱ ሳይቀር ይሰማኛል።

ልጁ በተወለደ በሳምንቱ ስም ሲያወጣ እርስዎም ነበሩ። «በግዕዝ ባሕር፣ በዓረብኛ በሕር፣ በትግርኛ ባሕሪ፣ በአፋርኛ ባድ፣ በጣልያንኛ ማሬ! ስለዚህ ልጄን ባሕሩ ብዬዋለሁ። ባሕር የአንድ ሰው አይደለም!» እንዴት ያለ ንግግር ነበር? እኔ አጨበጨብኩ። አይተውኛል፣ አይደል? ከሁሉ በኋላ ማጨብጨቤን ያቆምኩት እኔ ነኝ።

እውነቱን ነው፤ ባሕር የማንም አይደለም። እሱ እኮ ወደቡ በር ላይ ፈታሽ ነው። ሹፌር ከወንበሩ ሥር አንድ ብልቃጥ ሽቶ ቢሸሽግ ያገኝበታል። «የማን ነው? ከየት አመጣኸው?» ይላል። በሥራው ማንም አያማውም፣ እኔም አላማውም። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ሲገባ ትንሽ ቢያርፍ ምን አለበት? ቤት ውስጥ ማን ማንን ይፈትሻል?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእኛ ሰፈር መልአክ ግን ቤት ሳይሳሳት አልቀረም፤ መጀመሪያ የቆመው እኔ ደጃፍ ላይ ነው። በጥር ነው። የሁለታችንም ሚስቶች ነፍሰ ጡር ነበሩ። እኔና እሱ ደረጃው ላይ ተቀምጠን፣ ከበይሉል መንደር የመጣ ዓሣ እየበላን... እኔ ወሬ አላበዛም፣ ያውቁኛል። ያን ቀን ግን አበዛሁ። አባቴ መንዝ ናቸው፤ ባሕር አይተው አያውቁም። በየደብዳቤው «ባሕር ምን ይመስላል?» ይሉኛል። ብጽፍ ብጽፍ አልሆነልኝም። ስለዚህ ወንድ ከተወለደ ባሕሩ እለዋለሁ፣ ይዤው አገር ቤት ወጥቼ «ይኸውልዎት፣ ባሕሩ» እላቸዋለሁ አልኩት። ለአባቴም «ለመስቀል ባሕሩን ይዤልዎት እመጣለሁ» ብዬ በጭነት መኪና ሹፌር ደብዳቤ ላክሁ። ምን ብለው መለሱ መሰለዎት? «በንጹሕ ዕቃ ይሁን፤ ጋዝ ጋዝ እንዳይሸት!»

ለጎረቤቴ አነበብኩለት። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ምን ያለ ስም ነው!» አለ። ሲወደው አየሁ... እንዲህ አጥብቆ ይወደዋል ግን አላልኩም።

ስሙን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነበርን። እኔ፣ እቴናት፣ እና አንድ ወዳጅ። ለሌላው ሰው ክርስትናው ዕለት ልንናገር ነበር።

ልጄ አሥራ አንድ ቀን ኖረ።

ለቅሶው ላይ ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ማን ነበር? እሱ። ሦስቱን ቀን ከአጠገቤ አልተለየም። በሦስተኛው ቀን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ ቀስ ብሎ፣ «ስሙ ገና አልተጠራም ነበር፣ አይደል?» አለኝ። አልተጠራም አልኩት። በረጅሙ ተነፈሰ። ለእኔ አዝኖ መስሎኝ እጁን ያዝኩት። እንዴት ያለ አሳቢ ሰው ነው! በዚያ ሁሉ ሐዘን መካከል ስሙ እንዳይባክን የሚጨነቅ ስንት ሰው አለ?

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር። ለካ እውነት ነው። የልጄም ከመቃብር በላይ ዋለ፤ ሩቅም አልሄደ፣ ከጣውላው ማዶ ነው ያለው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉት ግን ውሸት ነው። ሕፃኑን አይተውታል? ያ ጉንጭ፣ ያ አንገት... እንዴት አድርጎ እንዳደመቀው!

ባለቤቱ ምስኪን ናት፣ ምንም አታውቅም። ጧት ጧት «ባሕሩ! ባሕሩዬ! የኔ ባሕሩ!» ትለዋለች። ድምፅዋ ያምራል። ያን ጊዜ እቴናት የያዘችውን ይዛ ትቆማለች፤ ወንፊት ከሆነ ወንፊት፣ ማንኪያ ከሆነ ማንኪያ። ጥሪው ሲያበቃ ሥራዋን ትቀጥላለች። አንድ ቀን ምን አለችኝ? «እንኳንም የሚጠራው አገኘ።» እኔ እንደ እሷ ደግ አይደለሁም፣ ጋሽ ሣህሉ። እኔ አስተማሪ ነኝ።

አዎ፣ ለእሑዱ ክርስትና ሊጠሩን እንደ መጡ ገብቶኛል። አርባ ቀን እንዴት ይሮጣል! እሱ ራሱ ያልመጣው ሥራ በዝቶበት ነው፣ አይደል? ከአንድ ጣውላ ማዶ ሆኖ ሽማግሌ መላክ... አክብሮት ነው። ደግሞ ሲመርጥ! ሣህሉ በግዕዝ ምሕረቱ ማለት ነው። ያ ሊቅ ይህን ሳያውቅ አልላከዎትም።

እንመጣለን። ለምን እንቀራለን? እቴናት ለልጁ ነጭ የክር ኮፍያ ሠርታለታለች። ለማን ብላ እንደ ጀመረችው ብቻ አይጠይቁኝ።

ምርቃቴንም ቃል በቃል ያድርሱልኝ። ልጁ ይደግ፣ ይመንደግ። ልጄ ያልኖረበትን ዕድሜ እግዜር ለእሱ ይጨምርለት። ይህን ከልቤ ነው የምለው፣ ሌላ ነገር የለበትም። ለትምህርት ሲደርስ፣ መስከረም ላይ፣ ደብተሩን ይዞ ወደ እኔ ክፍል ይግባ። የሰፈሩን ልጆች አንደኛ ክፍል የማስተምረው እኔ አይደለሁ? «ባሕሩ!» ብዬ እጠራለሁ። «አቤት!» ይለኛል። ለስንት ጊዜ የጠበቅሁት አቤት ነው... ከዚያ እንደ ማንኛውም ልጅ የቤት ሥራውን ሰጥቼ ወደ አባቱ እልከዋለሁ።

ለአባቱም እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጠው። ያችን ቀን ከነሙሉ ዕውቀቱ፣ ከነአምስት ቋንቋው ያድርሰው። ልጁ ፊቱ ቁጭ ብሎ «አባዬ፣ ስሜን ማን አወጣልኝ?» ሲለው፣ በአንዱ ቋንቋ እንኳ መልስ አያሳጣው።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ ጋሽ ሣህሉ።