በጋሼ ማቴዎስ ቤት የነበረ ደንብ

በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከአዲስ አበባ የተላከልኝን የመጻሕፍት ካርቶን ለመቀበል ሆሳዕና መናኸሪያ ቆሜ ነበር። በሥነ ልቦና ተመርቄ፣ በተወለድኩባት ከተማ በትምህርት ጽሕፈት ቤት ከተመደብኩ ገና አራት ወር መሙላቴ ነው። ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝን ጋሼ ማቴዎስ ባፈናን እዚያ አየኋቸው። እንደ ድሮው ኮታቸውን እስከ ላይ ቆልፈው፣ አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ በእጃቸው ይዘዋል። ከኋላቸው ሁለት ርምጃ ርቃ አንዲት ወጣት ሴት ጓዝ ተሸክማ ቆማለች።

ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ጎንበስ ብዬ ልጅቱን ስሟን ብጠይቃት፣ ዓይኖቿን ከንፈሮቼ ላይ ተክላ ዝም አለች። ጣቢታ እንደምትባል አባቷ ነገሩኝ። የጫማዋ ማሰሪያ ተፈትቶ ስለነበር ወጣቷ ሴት ጓዙን አስቀምጣ ተንበረከከችና አሰረችላት። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ልጅቱም እንዲሁ። ለወሬ ያህል፣

“ሠራተኛዋም አብራችሁ ትሄዳለች?” አልኩ።

ጋሼ ማቴዎስ ወደ መሬት አዩ። “ሠራተኛ አይደለችም። ባለቤቴ ናት፤ ገነቴ ትባላለች።”

በሀፍረት መግቢያ ጠፋኝ። ዘግይተው ከአቅራቢያው ከሆመቾ ማግባታቸውን ሰምቼ ነበር እንጂ ሚስታቸውን አላውቃትም ነበር። ይቅርታ ብጠይቃት ፈገግ ብላ አንገቷን ደፋች። ያሳሳተኝ ልብሷ እንዳልሆነ ቆይቶ ገባኝ። እናት የልጇን ጫማ ስታስር የምትለው ነገር አለ፤ አትንቀሳቀሺ፣ ሌላዋስ እግር የታለች፣ የመሰለ። እሱ ነው የጠፋው።

ሾፌሩ ነዳጅ ፍለጋ ስለሄደ አውቶቡሱ ገና አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል ተባለ። ጋሼ ማቴዎስ ሻይ ጋብዘውኝ መናኸሪያው በር አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ገባን። እዚያ የጉዟቸውን ምክንያት ነገሩኝ። ጣቢታን አዲስ አበባ ወንድማቸው ቤት ሊያስቀምጧት ነው። አራት ዓመቷ ነው፤ የምትናገረው ግን ስድስት ቃል ብቻ ነው። ሐኪም አይቷት ጆሮዋም ምላሷም ጤነኛ ነው ብሏል። ወንድማቸው ቤት ንጹሕ አማርኛ ስለሚነገር እዚያ አፏን እንድትፈታ፣ ትምህርቷንም እዚያው እንድትጨርስ ተወስኗል።

“እናቷስ?” አልኩ።

“በዓመት አንድ ጊዜ ትጠይቃታለች።”

ገነቴ ዳቦ ቆርሳ ለልጇ ሰጠች። ቤት ውስጥ በምን ቋንቋ እንደሚያናግሯት ጠየቅኳቸው። ጋሼ ማቴዎስ ቀና ብለው፣ የኮራ ሰው በሚናገርበት ድምፅ መለሱልኝ።

“ከተወለደች ጀምሮ በልጅቷ ፊት ሀዲይኛ ተነግሮ አያውቅም። የገነቴ አማርኛ የገበያ ነው። የተሰበረ ነገር ከምታሰማት ዝም እንድትል ደንብ አወጣሁ። እግዚአብሔር ይስጣት፣ አንድ ቀን አላፈረሰችም። ጎረቤት ሲመጣ እንኳ ውጭ ወጥታ ነው የምታነጋግረው። ቀን ቀን ሬዲዮ ይከፈትላታል፣ ማታ እኔ አስጠናታለሁ። ከሠፈር ልጆች እንዳትቀላቀል ደግሞ ከግቢ አትወጣም።”

ብርጭቆውን እንዳልደፋው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሰው ሳያናግራቸው ስላደጉ ልጆች በዩኒቨርሲቲ አንብቤያለሁ፤ ሳነብም ይህ የጨካኞች ሥራ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን ግን በከተማዬ፣ በማከብራቸው ሰው ቤት፣ በፍቅር ተደርጎ አገኘሁት።

“አራት ዓመት ሙሉ?” አልኩ።

“ምነው፣ ደነገጥሽ?”

መደንገጤን አልደበቅኩም። እሳቸውም አልተቆጡም። “አንቺ አፍሽን በአማርኛ የፈታሽ ነሽና አይገባሽም” አሉኝ። “አንድ ጊዜ ለመምህራን ስብሰባ አዲስ አበባ ሄጄ ተነሥቼ ስናገር አዳራሹ ሳቀ። ሐሳቤ ስሕተት አልነበረበትም፤ የሳቁት በአነጋገሬ ነው። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ እጄን አንሥቼ አላውቅም። በልጄ ማንም እንዲስቅ አልፈልግም።”

እውነታቸውን ነው። እኔም ብሆን አራት ዓመት ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እጄን ያነሣሁት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም፤ አስተማሪዬን መቃወም ደግሞ አስቤውም አላውቅ። ዝም ብል ግን አውቶቡሱ ልጅቱን ይዞ ይሄዳል።

“ጋሼ፣ ሬዲዮ መልስ አይጠብቅም” አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። “ጣቢታ ዶሮ አይታ ብትጠቁም ሬዲዮው ስለ ዶሮዋ አይነግራትም። ልጅ ቃል የሚይዘው የሚያየውን አብሮት እያየ ከሚያናግረው ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ አብራት የምትውለው ደግሞ እናቷ ናት።”

“ትንሽ ጭንቅላት ሁለት ቋንቋ አይችልም። ይደባለቅባታል።”

“ለጥቂት ጊዜ ይደባለቅባት ይሆናል፤ ኋላ ራሷ ትለየዋለች። በሩ ላይ ያሉትን ጓዝ ተሸካሚ ልጆች ይመልከቷቸው። ከአንጋጫ የመጣውን በከምባትኛ፣ ከሆመቾ የመጣውን በሀዲይኛ፣ እኔን በአማርኛ ነው የሚጨቀጭቁት።”

“በሦስቱም ጨዋ ቃል አይወጣቸው” አሉና ትንሽ ሳቁ። ሳቃቸው ልብ ሰጠኝ። ጣቢታ ብቻዋን ስትጫወት ታወራ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አታወራም አሉ፤ ይህን የጨዋነቷ ምልክት አድርገው ይዘውት ነበር።

የማውቀውን በቀላል ቃል ለማስረዳት ሞከርኩ። ልጅ ድንጋይ ሲደረድር “ይቺ እዚህ፣ አይ ትወድቃለች፣ ትልቋን ከታች” እያለ ለራሱ ያወራል። ይህ ልፍለፋ አይደለም። ከሰው የሰማውን ንግግር ወስዶ ራሱን ማዘዣ እያደረገው ነው። ዕድሜው ሲገፋ ድምፁ ይጠፋና ንግግሩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሐሳብ የምንለውም አንዱ ክፍል እሱ ነው። ወደ ውስጥ የሚገባ ንግግር ያላገኘች ልጅ፣ አእምሮዋ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ማሰቢያ መሣሪያ ያጥራታል። በየትኛው ቋንቋ መሆኑ ለጊዜው አያስጨንቅም፤ ሞልቶ የተትረፈረፈ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። በአንዱ ማሰብ የቻለ ልጅ ሁለተኛውን ለመማር መነሻ አለው።

ጋሼ ማቴዎስ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። “መጽሐፍ ነው የምትነግሪኝ።”

“መጽሐፉን ይተዉት። እርስዎ ሰሌዳ ላይ ረጅም ማካፈል ሲሠሩ ከንፈርዎ ይንቀሳቀስ ነበር። በምን ቋንቋ ነበር የሚቆጥሩት?”

እጃቸው ወደ ከንፈራቸው ሄደ። “ታውቁ ነበር?”

“ክፍሉ ሁሉ ያውቅ ነበር። ማንም አልሳቀም። መልሱ ሁልጊዜ ልክ ይሆን ነበር።”

“በሀዲይኛ” አሉ በመጨረሻ። “እናቴ በቆሎ ስትፈለፍል አጠገቧ አስቀምጣ ነው ያስቆጠረችኝ።”

የተማርኩት ሒሳብ ሁሉ የቆመው እንግዲህ በዚያ ላይ ነው አልኳቸው። ከዚያ በላይ ለመናገር አልደፈርኩም፤ የቀረውንም ራሳቸው ደረሱበት። ፊታቸው አመድ መሰለ። ወደ ሚስታቸው ዞረው በሀዲይኛ አጭር ነገር ተናገሩ። ከጎረቤት የለቃቀምኳት ትንሽ ሀዲይኛ አለችኝ፤ አናግሪያት ነው ያሏት።

ገነቴ እውነታቸውን መሆኑን ለማረጋገጥ ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ልጇን አናግራ የማታውቅ እናት ከምን ትጀምራለች? እንደገና ሞከረች። በጣቢታ እጅ ያለውን ዳቦ ነክታ ስሙን ነገረቻት፤ እንድትበላም፣ ትኩስ መሆኑንም ነገረቻት። ጣቢታ ማኘኳን አቆመች። የእናቷን ድምፅ ከግድግዳ ባሻገር ሰምታው ይሆናል፤ ለእሷ ሲነገር ግን የመጀመሪያዋ ነው። አባቷን አየች፣ እናቷን አየች። ከዚያ እጇን ዘርግታ መዳፏን የእናቷ አፍ ላይ አሳረፈች፤ ገነቴም ከመዳፏ ሥር መናገሯን ቀጠለች።

እኔ ወደ ጎዳናው ዞርኩ።

“እኔ ነኝ ያደረግሁት” አሉ ጋሼ ማቴዎስ። “አልፎባታል?”

ዘግይቷል እንጂ አላለፈም አልኳቸው። ምን ይደረግ ቢሉኝ የምለው ብዙ አልነበረም። ገነቴ ከጠዋት እስከ ማታ በራሷ ቋንቋ ታውራላት፤ ስታጥብም፣ ስታበላም፣ ስትቆጣም። እርስዎ ማታ በአማርኛ ያጫውቷት እንጂ አያስጠኗት። የግቢው በር ይከፈትና ልጆች ይግቡ አልኳቸው።

ሾፌሩ መጥቶ ጥሩምባ ነፋ። ጋሼ ማቴዎስ ተነሥተው ትኬቶቹን መለሱ፤ ጓዙን ራሳቸው ተሸክመው ሦስቱም በእግር ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ይህን የምጽፈው በየከተማችን ተመሳሳይ ደንብ ያወጡ ቤቶች መኖራቸውን ከዚያ ወዲህ ስላየሁ ነው። የጣቢታ ነገር ፈጥኖ አልተስተካከለም፤ ዛሬም ቃል ፍለጋ ቆም የምትልበት ጊዜ አለ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ እናቷን “ለምን” እያለች በሀዲይኛ ማሰልቸት ጀምራ ነበር። በዓመቱ አማርኛውን ከሠፈር ልጆች ለቀመችው። አባቷ ካስጠኗት ሁሉ ይበልጥ የያዘችውም ይህንኑ ነው። የሰውን አፍ ትኩር ብሎ የማየት ልማዷም ቀረ።

በ1979 ዓ.ም. መስከረም ጣቢታ አንደኛ ክፍል ገባች። ትምህርት ቤት ወስዳ፣ ከጸሐፊው ጋር ራሷ ተነጋግራ ያስመዘገበቻት ገነቴ ናት።