የቡችላው ልብስ

ከሩሰይፋ ወደ ጅዳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከጎኔ የወሎ ልጅ ካርቶን ታቅፎ ተቀምጧል። ከእሱ ወዲያ አንዲት ትልቅ ሴት አሉ። ከካርቶኑ ውስጥ የሚያቃስት ድምፅ ተሰማ።

«ምንድን ነው የያዝከው ልጄ?» አሉት።

«ቡችላ ነው እናቴ። የከፊሌ፣ የአሠሪዬ ነው። ታሞብኝ ሐኪም ጋ እየወሰድኩት ነው።»

«ውሻ ደግሞ ሐኪም! ምን ሆነና?»

«ትናንት ምግብ እንቢ አለ።»

«እኔንም ትናንት ምሳ አስጠልቶኝ ነበር። ማን ሐኪም ጋ ወሰደኝ?»

«ኋላም አስመለሰው።»

«ቡችላ ያገኘውን ይውጣል፣ መልሶ ይተፋል። አብሽር፣ ይተወዋል።»

«ዛሬ ግን ውሃም አልቀመሰም። ድምፄን ሲሰማ ይዘል የነበረው፣ ስጠራው ቀና እንኳ አላለም።»

«ታዲያ ይሄን አስቀድመህ አትናገርም? ያላ ያ ሰዲቅ፣ ንዳው!» አሉ ወደ ሹፌሩ።

ትንሽ ቆይተው ደግሞ ጀመሩት።

«ለመሆኑ ውሻ ታቅፈህ እንዴት ነው የምትሰግደው?»

«ወላሂ እጠነቀቃለሁ! ለእሱ የምለብሰው ሌላ ነው፣ ለሶላት ሌላ።»

«ማሻአላህ። ዛሬ የለበስከው የቱን ነው?»

«የሶላቱን።»

«ያኛውስ?»

«ቡችላው ሲንቀጠቀጥ ጊዜ በእሱ ጠቀለልኩት።»

ካርቶኑ ላይ ቀዝቃዛ አየር ይነፍስ የነበረውን የታክሲውን መከየፍ ወደ ራሴ አዞርኩት።