በኪታብ ውስጥ የቆየው ወረቀት

በመካነ ሰላም ፖሊስ ጽሕፈት ቤት የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ ሙሐመድአሚን እንድሪስ ይመር (በአካባቢው «ሐጂ» ተብለው የሚጠሩ ሲሆን መጠሪያው በዚህ ጽሑፍ እንዳይገባ አሳስበዋል)
ዕድሜ፦ 68
አድራሻ፦ ደቡብ ወሎ ዞን፣ ቦረና ወረዳ፣ ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ
ሥራ፦ ግብርና
ትምህርት፦ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ በራሳቸው ማንበብና መጻፍ ተምረዋል
ቀንና ሰዓት፦ መጋቢት 18 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ጉዳዩ፦ የ20 ዓመቷ ሀጀራ ሰይድ ያለችበት አለመታወቅ

ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘሊካ አሊ ልጃቸው ሀጀራ ዐረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ ጠፋ ብለው በደላላው ሙሐሲን ላይ ባቀረቡት አቤቱታ፣ የማውቀውን እንዳስረዳ ተጠርቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ።

በሚያዝያ ወር 2003 ዓ.ም. ሙሐሲን ቤቴ መጣ። ሀጀራን፣ ካዕባ ሄደው ለሚጸልዩ በሚሰጠው የዑምራ ቪዛ አስገብቶ ጂዳ ሥራ ሊያስይዛት እንደሚፈልግ፣ ነገር ግን ሴት ልጅ ያለ መሕረም፣ ማለትም ያለ አባት፣ ወንድም ወይም ባል፣ ቪዛው እንደማይሰጣት ነገረኝ። አባቷ ሞቷል፤ ወንድም የላትም። «አንቱ አባቷ ነኝ ብለው ይፈርሙ፤ የጉዞዎትን ወጪ እኔ እችላለሁ፤ ካዕባንም ያያሉ» አለኝ። እኔ በሐሰት መስክሬ የማላውቅ ሰው ነኝ። በመሬት ክርክር ለገዛ ወንድሜ እንኳ አልመሰከርኩም፤ በዚህም እንደተኳረፍን ሞቷል። ካዕባን ለማየት ስል ግን ፈረምኩ።

ሰኔ 5 ቀን 2003 ዓ.ም. በአውቶቡስ ተነሣን። ሀጀራ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትጠራኝ «አያ» እያለች ነው። አቀስታን እንዳለፍን «ከአሁን ወዲያ አባባ በይ፤ አፍሽን አስለምጅው» አልኳት። እየሳቀች «እሺ አባባ። አባት ከሆኑማ ብስኩት ይግዙልኝ» አለች። መንገድ ላይ ቀልድ አያስፈልግም ብዬ ገሠጽኳት። ብስኩቱን አልገዛሁላትም።

በአውሮፕላን ተሻግረን ዑምራችንን ከፈጸምን በኋላ ሙሐሲን እንዳዘዘው ከጉዞ ጓዶቻችን ተለይተን ሰኔ 14 ቀን ጂዳ ገባን። አሠሪዎቹን የሚያገናኘው ሰው እስኪመጣ በአንድ ክፍል ሦስት ቀን እንድንቆይ ተነግሮን ነበር።

እዚህ ላይ ፖሊስ ያልጠየቀኝን እናገራለሁ። የዓረብኛን ፊደል ያወቅሁት በአርባ ዓመቴ፣ ሌሎች ቁርአን ሲቀሩ፣ ጮክ ብለው ሲያነቡ እየሰማሁ፣ ኪታቡን በጣቴ እየተከተልኩ ነው። ከዐረብ አገር ወረቀት ሲመጣ የሠፈሩ ሰው ለእኔ ያመጣል። ድምፄን ከፍ አድርጌ ከላይ እስከ ታች አነባለሁ። ምን ይላል ሲሉኝ የመሰለኝን እናገራለሁ። ፊደሉን እንጂ ቋንቋውን አላውቅም። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

በመጀመሪያው ቀን ረፋድ ላይ ምግብ ፍለጋ ወጣን። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ወደ ላይ ይመጣል፤ መንገዱን የሚሻገር እግረኛ የለም። ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ እያነበብኩ ሄድኩ። ሀጀራ በየሰሌዳው «ምን ይላል አባባ?» ትላለች። በአንዱ በር ላይ «ምግብ ቤት ነው» ብያት ገባን። የመጸዳጃ መቀመጫና የገላ መታጠቢያ ገንዳ መሸጫ ነበር። ሀጀራ ዙሪያውን አይታ «መቀመጫውስ ሞልቷል አባባ፤ ምግቡ የታለ?» አለች። ባለ ሱቁ የምለው አልገባውም። እሷ እጇን ወደ አፏ አድርጋ ስታሳየው ሳቀና እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ወሰደን። ስንመለስ፣ እንደ ድዳ በእጅ መነጋገር ነውር ነው፣ ሁለተኛ እንዳታደርጊው ብዬ ከለከልኳት። ተከልክላ ቀረች። ራሷን የምታድንበትን ነገር የቀማኋት ያን ቀን ነው።

በማግሥቱ በመስጊድ አጠገብ ስንሄድ አንዲት ሴት አማርኛችንን ሰምታ «የአገሬ ሰዎች!» ብላ ቆመች። ስመኝ እንደምትባል፣ የአቀስታ ልጅ እንደሆነች፣ ሰባት ዓመት እንደሠራችና በጥር ወር አገሯ እንደምትገባ ነገረችን። ሀጀራን «ማንም ወረቀት ቢሰጥሽ ሳታሳዪኝ እንዳትሄጂ፤ ከመስጊዱ ጀርባ ነኝ» አለቻት። እኔም «ልጄ አንባቢ አባት አላት፤ ወደ ሥራሽ ሂጂ» ብያት ጀርባዬን ሰጠኋት።

ሰኔ 17 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ሰውየው በነጭ መኪና መጣ። ብዙ ተናገረ፤ አንድም አልገባኝም፤ ራሴን ነቀነቅሁ። ሁለት አንድ ዓይነት ወረቀት ሰጠኝ። ሀጀራ «አባባ፣ ቅርብ ናት፣ ለዚያች ሴት እናሳያት» አለችኝ። «እኔ እያለሁ?» አልኳት። ወረቀቱን ጮክ ብዬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሰውየው «ማሻአላህ» አለኝ፤ ደስ አለኝ። ሀጀራ ምን እንደሚል ስትጠይቀኝ «እዚሁ ጂዳ፣ ለአንድ ቤት ሥራ ነው» አልኳት። አባት በሚለው ቦታ በሁለቱም ላይ ፈረምኩ። አንዱን ሰውየው ወሰደ፤ ሌላው በእጄ ቀረ። መኪናው ውስጥ ገብታ በመስታወቱ «አያ» ብላ ጠራችኝ። ሰው ፊት አያ በማለቷ ተቆጥቼ መልስ አልሰጠኋትም።

ከተመለስኩ በኋላ ወይዘሮ ዘሊካ በየሳምንቱ እየመጡ ይጠይቁኛል። እኔም ጂዳ ናት እላለሁ። በእኔ ቃል ተመርተው ዘመዶቻቸው ጂዳን ሲፈልጉ ቆዩ። ወረቀቱ ግን በአባትነት የፈረምኩበት ስለሆነ እንዳይታይብኝ በኪታቤ ውስጥ ደብቄው ነበር።

ጂዳ የለችም የሚል ወሬ ሲደጋገም ልቤ ጠረጠረ። መጋቢት 14 ቀን በሚኒባስ አቀስታ ሄጄ ስመኝን አፈላልጌ አገኘኋት። ወረቀቱን ስዘረጋላት «ዛሬ ነው የሚያሳዩኝ አባቴ?» አለችኝ። አነበበችው። ወረቀቱ ጂዳ አይልም። ከጂዳ ወደ ደቡብ ርቃ የምትገኝ አብሀ የምትባል ከተማ ይላል። የአሠሪው ሙሉ ስም አለበት። ከግርጌው ያለው፣ እኔ የመዝገብ ቁጥር ነው ብዬ የማልፈው፣ የቤቱ ስልክ ነው። ዘሊካ ዘጠኝ ወር ሲያለቅሱ ስልኩ ከቤታቸው አንድ አጥር ማዶ ነበር።

ወረቀቱን ዛሬ፣ ስመኝ አብራኝ መጥታ፣ ለፖሊስ አስረክቤአለሁ። ቃል ተቀባዩ «አባቴ፣ አንቱ የተጠሩት ለምስክርነት ነው፤ በራስዎ ላይ አይናገሩ» ብሎኛል። ሙሐሲን ጥፋት አለበት፤ ይጠየቅ። ነገር ግን መኪናው ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ። በአባትነት ስለፈረምኩ በአባትነት ልጠየቅ፤ ይህ ካልተጻፈ አልፈርምም ብዬ ተጽፎልኛል።

ወይዘሮ ዘሊካ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ይህ ቃል እንዳበቃ ፖሊስ ባለበት ወደ ቁጥሩ እንዲደወል፣ ከቤቱ ሰዎች ጋር ስመኝ እንድትነጋገር፣ ሀጀራ ከተገኘች መጀመሪያ እናቷ እንዲያነጋግሯት አመልክቻለሁ። እኔ ስልኩን አልነካም።

አማርኛ ማንበብ እችላለሁ። ይሁንና ይህን ቃል ራሴ አላነብም ብዬ፣ ወይዘሮ ዘሊካ በተገኙበት ስመኝ ከላይ እስከ ታች አንብባልኛለች። የሰማሁት የተናገርኩት ነው። የተጻፈው እውነት መሆኑን፣ ምን እንደሚልም የገባኝ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ቃል ሰጪ፦ ሙሐመድአሚን እንድሪስ (ፊርማ)
አንባቢ፦ ስመኝ ተገኝ (ፊርማ)
በንባቡ የተገኙ፦ ዘሊካ አሊ (የጣት አሻራ)
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት ሳጅን ዋለ ካሳ (ፊርማ)