ያልተበጠሰው ቀበቶ

የምስክሯ ስም፦ ሳሊሃ ኑሬ ሙዘይን
ዕድሜ፦ 43
የትውልድ ቦታ፦ ድሬዳዋ
ሥራ፦ የሥራ ልብስና የአደጋ መከላከያ ዕቃ ነጋዴ
አድራሻ፦ ሀርጌሳ፣ 26 ጁን የተባለው ሰፈር፤ በከተማዋ 14 ዓመት የኖረች
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2025፣ ከቀኑ 8 ሰዓት
ቃሉን የጻፈው፦ ሳጅን ዓብዲቃድር፤ ምስክሯ በአማርኛ ስለተናገረች በአማርኛ ተጽፎ ወደ ሶማልኛ የሚመለስ

ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 11። የጠዋት ቆጠራ፦ ሄልሜት 31፣ ቦት ጫማ 18 ጥንድ፣ ጓንት 9 ደርዘን፣ ሴፍቲ ቤልት፣ ማለትም ከፍታ ላይ የሚታጠቁት ባለ ገመድ ቀበቶ፣ 6። ይህን ያነበብኩት በየቀኑ ሱቄን ስከፍት ከምጽፍበት ደብተር ነው። ደብተሩን ለሳጅኑ አሳይቻለሁ። ስለ ቀበቶው በኋላ ስለምናገር ስድስት እንደነበር አስቀድሜ አስመዘግባለሁ።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ዱዓሌ ወደ ሱቄ መጣ። ዱዓሌ የመንግሥት የሥራ ቦታ ጤናና ደህንነት ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ ነው። ካወቅሁት ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በጦርነቱ ጊዜ በልጅነቱ ተሰዶ ድሬዳዋ አደገ። እዚያው በብየዳ ሥራ ላይ ሳለ መቁረጫ ማሽን የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ወሰደበት። ከዚያ በኋላ ተምሮ ወደ ሀርጌሳ ተመለሰና በተራ ተቆጣጣሪነት ተቀጠረ። ኃላፊ ከሆነም በኋላ ወንበር ላይ አልተቀመጠም። አንድ ጊዜ የድንጋይ መፍጫ ሲዘጋ ራሱን በዱላ ፈንክተውታል፤ በማግስቱ ፋሻውን እንደጠመጠመ ሄዶ የመዝጊያውን ወረቀት ለጥፏል። ሌላ ጊዜ መኪናው ውስጥ እንዳለ መስታወቱን በድንጋይ አድቅቀውበታል።

ከእኔም ጋር የተዋወቅነው በጠብ ነው። ሱቄ ገብቶ የምሸጣቸውን ቀበቶዎች አንድ በአንድ ከጣሪያው ብረት ላይ አሰረና ሁለት ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ አንጠለጠለባቸው። ከአራቱ ዓይነት ሦስቱ ተበጠሱ። የተበጠሱትን ዓይነቶች በሙሉ ቆራርጦ ጣለብኝ። ያን ቀን ረግሜዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ከየካርቶኑ አንዱን ሳላንጠለጥል ቀበቶ ሸጬ አላውቅም።

ማክሰኞ የመጣው ለራሱ ቀበቶ ሊገዛ ነበር። የድሮው ጊዜው ስላለፈ በመቀስ ቆራርጦታል። «አቦ ሳሊሃ፣ ከማይበጠሰው ስጪኝ» አለኝ። «አንተን ከቻለ ግመልም ይችላል» አልኩት፤ ሳቀ፣ ከስድስቱ አንዱንም ገዛ። ከዚያ አንድ ደረሰኝ አወጣ። ሰሀል የተባለው ኮንትራክተር 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር ለሚሠራው ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ከእኔ አርባ ሄልሜት ገዝቻለሁ ብሎ ያቀረበው ነው። ማህተሙ የእኔን ይመስላል። እኔ የሸጥኩለት ግን አራት ብቻ ነው። ዱዓሌ አብሬው ሄጄ ይህንኑ እዚያው እንድናገር ጠየቀኝ። ሰሀል ትልቅ ደንበኛዬ ስለሆነ አመንትቻለሁ፤ አልደብቅም። ቢሆንም ሄድኩ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሩብ ደረስን። ሃያ የሚሆኑ የቀን ሠራተኞች ባዶ ራሳቸውን መወጣጫው ላይ ነበሩ። ሰሀል አንደኛው ፎቅ ወለል ላይ ተቀበለን። «ይኸው ባለ ሱቋ መጣች። ሳሊሃ፣ ንገሪው፤ አርባ ነው አይደል?» አለ። እኔም «ደብተሬን ሳላይ አልናገርም» አልኩ። ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቁጥሩንም አውቀው ነበር። አራት ነው ብዬ ቢሆን ኖሮ ዱዓሌ ወረቀቱን ለጥፎ ይመለስ ነበር። እኔ ጊዜ ስወስድ «እሺ፣ አንቺ እስክታዪ እኔ ሳንቃውን ልየው» ብሎ ወደ መወጣጫው ወጣ። ልማዱ ነው፤ ሠራተኛ የሚቆምበትን ሳንቃ ቀድሞ ራሱ ሦስት ጊዜ ይዘልበታል። በከተማው የሚሠራ ግንበኛ ሁሉ ይህን ያውቃል።

አዲሱን ቀበቶ ታጥቆ፣ የገመዱን መንጠቆ ከላይ ካለው ብረት ጋር አያይዞ ዘለለ። በሁለተኛው ዝላይ ሳንቃው ተሰበረ። ዱዓሌ መሬት አልወደቀም። ቀበቶው ይዞት እኛ ከቆምንበት ወለል ጠርዝ ፊት ለፊት ተንጠለጠለ። ከዚያው ሆኖ «ወላሂ ይህ ሕንፃ ዝግ ነው! ሁላችሁም ውረዱ!» ብሎ ጮኸ።

ሰሀል ከወለሉ ላይ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ፌሮ ብረት አነሳ። «ዝለል እንጂ! አሁን ዝለል!» እያለ የዱዓሌን ጉልበት መታ። ዱዓሌ ተወዛውዞ ራቀ፤ ሲመለስ ደግሞ መታው። ገመዱን የያዘበትን ሦስት ጣት ያለውን እጁን መታው። መቁጠር ልማዴ ነው፤ ሰባት ጊዜ መታው። በአምስተኛው መንጋጋው ሲሰበር ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ የዱዓሌ ድምፅ አልወጣም። ቀበቶው ከመውደቅ አዳነው፤ እንዳይሸሽም የያዘው ያው ቀበቶ ነው።

ሰሀል ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ሐበሻ፣ ምን አየሽ?» አለኝ። ካርቶን የምከፍትበትን ካተር ከቦርሳዬ አውጥቼ ወደ ጠርዙ ስሄድ ፌሮውን ትከሻዬ ላይ አሳረፈው። ሰንበሩን ሴት ፖሊስ አይታ መዝግባለች። አክሊል የሚባል የቀን ሠራተኛ የዱዓሌን እግር ይዞ ወደ ወለሉ ሳበው፤ እኔ ገመዱን ቆረጥኩ። በሠራተኞች ሚኒባስ ወደ ሐኪም ቤት ወሰድነው። አክሊል ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ አልተገኘም። ሌሎቹ ሠራተኞች ራሱ ወጣ፣ ራሱ ወደቀ እያሉ ነው።

ዛሬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሦስት ሽማግሌዎች ሱቄ መጡ፤ ከሰሀልም ከዱዓሌም ጎሳ ናቸው። ትልቁ «ልጄ፣ ነገሩ በእርቅ ሊያልቅ ነው። ገመዱ ተበጠሰ፣ ሰውየው ወደቀ። ገመድ የደም ዕዳ የለበትም» አሉኝ።

«አባባ፣ ገመዱ የእኔ ነው። አልተበጠሰም» አልኩ።

«አንቺ እዚህ ማን አለሽ?» አሉኝ። ሳይቆጡ፣ ረጋ ብለው ነው የጠየቁኝ። በእርቁ ላይ ስለ እኔ የሚቀመጥ ሽማግሌ እንደሌለኝ ያውቃሉ። የእርቁ ወረቀት ነገ ከሰዓት በኋላ ለፖሊስ ጣቢያው ቀርቦ መዝገቡ ይዘጋል ተብሏል። ስለ ዱዓሌ የሚፈርሙት የወገኑ ሽማግሌዎች ናቸው።

ከዚያ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። መንጋጋው ታስሯል፣ መናገር አይችልም። ባለቤቱ ሂቦ እስክሪብቶ በቀኝ እጁ ብታስይዘው «ተዘጋ?» ብሎ ጻፈ። ወደዚህ ስመጣ በሕንፃው በኩል አልፌ አየሁ። ሠራተኞች መወጣጫው ላይ ነበሩ።

ቀበቶውንና የገመዱን ጫፍ ለጣቢያው አስረክቤያለሁ። ጫፉ በስለት የተቆረጠ ነው፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ካተሩም አብሮ ተያይዟል።

ከላይ ያለው ቃሌ ተነብቦልኛል። ያየሁትን ነው የተናገርኩት፤ ዝም ያልኩበትንም ጭምር አስመዝግቤያለሁ። ማንም አላስገደደኝም። ከሰሀል ፊት ብቆምም የምናገረው ይህንኑ ነው።

የምስክሯ ፊርማ፦ ሳሊሃ ኑሬ
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ሳጅን ዓብዲቃድር

በምስክሯ ጥያቄ ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦ ነገ ሐሙስ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ ከዚያው ካርቶን አንድ ቀበቶና ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ይዤ እመጣለሁ። በጣቢያው በር ብረት ላይ ይንጠልጠል፤ ሲመጡ ይበጠስ እንደሆነ ይዩት።